ፊርማው ቀደመ፣ አውሮፕላኑ ዘገየ፦ የኢራቅ አይሁድ አገራቸውን እንዴት ለቀቁ

በ1950 ጸደይ ባግዳድ ውስጥ አገሩን ለቆ ሊሄድ የቆረጠ አይሁዳዊ መጀመሪያ የሚያመራው ወደ ምኩራብ ነበር። ለጸሎት አይደለም። ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የመደበው ሹም ተቀምጦ፣ ደጁ ላይ ሰው ተሰልፎ ያገኛል። ተራው ሲደርስ ቅጽ ይሰጠዋል። ቅጹ በገዛ ፈቃዱ ኢራቅን ለዘለቄታው እንደሚለቅ የሚያረጋግጥ ነው። ይፈርምና ወደ ቤቱ ይመለሳል። አውሮፕላን ላይ እስኪወጣ ግን ሳምንታት፣ ለብዙዎች ደግሞ ወራት ያልፋሉ።

ይህን ስደት ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ማሳረፍ ያለበት እዚያ የጥበቃ ጊዜ ላይ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከአረብ አገሮች ስለወጡት አይሁድ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ወይ ጥላቻው ነው፣ ወይ የጽዮን ናፍቆቱ። ሁለቱም ነበሩ። ሰዎቹ ግን የወጡት በወረቀት ነው፤ በሕግ ቁጥር፣ በቅጽ፣ በማኅተም፣ በቀነ ገደብ። ማን ምን ይዞ እንደወጣና ምን እንደቀረበት የወሰነው የነዚህ ወረቀቶች ቅደም ተከተል ነው። ኢራቅን የመረጥነውም አሠራሩ ከየትኛውም አገር ይልቅ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ስለሆነ ነው።

(እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለማነጻጸር ያህል፣ የ1950 ጸደይ በእኛ 1942 ዓ.ም. ነው፤ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ልትቀላቀል ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይቀራት ነበር።)

እነማን ነበሩ?

መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ የአማርኛ ተናጋሪ የዚህን ማኅበረሰብ መነሻ ያውቀዋል። ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን አፍርሶ ሕዝቡን ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ወዳለችው ባቢሎን ሲያፈልስ፣ ኤርምያስ ለምርኮኞቹ ቤት ሥሩ፣ ተቀመጡም፣ አታክልትም ትከሉ ብሎ ጻፈላቸው። እነሱም እንደተባሉት አደረጉ። ከፊሎቹ በዕዝራና በነህምያ ዘመን ሲመለሱ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ፤ የአይሁድ ሕግና ትርጓሜ ስብስብ የሆነው ታላቁ የባቢሎን ታልሙድም ከዚያው ምድር ወጣ። እስልምና ወደ አገሩ ሲገባ አይሁዱ እዚያ ከኖሩ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ከባግዳድ ከተማ ነዋሪ ሲሶ ያህሉ አይሁዳዊ ነበር። የአዲሲቱ ኢራቅ የመጀመሪያ የገንዘብ ሚኒስትር ሳሶን ኤስኬል አይሁዳዊ ናቸው፤ የነዳጅ ኩባንያው ለኢራቅ የሚከፍለው በወርቅ ተመን እንዲሰላ በመሟገታቸው እስከ ዛሬ ስማቸው ይነሳል። በ1932 ካይሮ ላይ በተደረገው የአረብ ሙዚቃ ጉባኤ ኢራቅን ከወከሉት ተጫዋቾች ከዘፋኙ በቀር ሁሉም ማለት ይቻላል አይሁድ ነበሩ። በባንክ፣ በባቡር መሥሪያ ቤት፣ በጉምሩክ፣ በንግድ ምክር ቤት ውስጥ ብዙ ነበሩ። በሰሜን በኩርዶች ምድር ደግሞ አራማይክ የሚናገሩ ገበሬና የእጅ ባለሙያ አይሁድ ይኖሩ ነበር፤ ስለ ባግዳድ ሀብታሞች ብቻ የሚያወራ ሰው እነዚህን ይረሳቸዋል።

የቤታቸው ቋንቋ አረብኛ ነው። ይሁን እንጂ የባግዳድ አረብኛ እንደ ሃይማኖቱ ይለያይ ነበር። አይሁዱና ክርስቲያኑ «አልኩ» ለማለት «ቀልቱ» ሲል፣ ሙስሊሙ ጎረቤቱ «ግለት» ይላል። የቋንቋ አጥኚዎችም ሁለቱን ዘዬዎች በዚህች አንዲት ቃል ሰይመዋቸዋል። በሰላሙ ጊዜ ማንም ልብ የማይላት ልዩነት ናት፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ማንነትን ታጋልጣለች።

ክፉው ቀን የመጣው በጁን 1 እና 2 ቀን 1941 ነው። ከናዚ ጀርመን ጋር የወገነው የራሺድ ዓሊ መንግሥት በእንግሊዞች ተሸንፎ ሲሸሽ፣ የእንግሊዝ ጦር ደግሞ ከባግዳድ ዳርቻ ቆሞ ሳለ፣ ከተማዋ ያለ መንግሥት ባደረችባቸው ሁለት ቀናት የአይሁድ ሰፈሮች ተዘረፉ፤ ወደ 180 የሚጠጋ ሰው ተገደለ። ፋርሁድ ይባላል። ቀኑ ሻቩዖት የሚባለው የአይሁድ በዓል ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶች በራቸውን ከፍተው ብዙዎችን ማዳናቸውም የዚያው ታሪክ አካል ነው። ከፋርሁድ በኋላ አብዛኛው ሰው ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ንግዱም በጦርነቱ ዓመታት ደራ። ወጣቱ ግን ተከፈለ፦ ገሚሱ ወደ ኮሙኒስት ፓርቲ፣ ገሚሱ ወደ ኅቡዕ የጽዮናውያን ድርጅት፣ ማለትም አይሁድ በፍልስጤም አገር እንዲኖራቸው ወደሚታገለው።

ከ1948 እስከ ሕጉ

በሜይ 1948 እስራኤል ስትመሠረት ኢራቅ ጦሯን ወደ ፍልስጤም ላከች፤ በአገር ውስጥም ወታደራዊ አስተዳደር ታወጀ። በጁላይ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ ተሻሽሎ ጽዮናዊነት ከኮሙኒዝም ጋር ተደምሮ እስከ ሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። በሴፕቴምበር 23 ሻፊቅ አደስ የተባለው ሀብታም ነጋዴ የጦር ዕቃ ትራፊ ለእስራኤል ሸጠሃል ተብሎ ባስራ ውስጥ በገዛ ቤቱ ፊት ተሰቀለ። ፖለቲካ ውስጥ ያልነበረ፣ ከባለሥልጣናት ጋር ማዕድ የሚቆርስ ሰው ነበር። የዚህ ሰው ስቅላት ብዙዎችን ያስደነገጠው ለዚህ ነው፤ እሱን ያላዳነው ዝምድና ማንን ያድናል?

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ጫና ጩኸት አልነበረውም። አይሁድ ከመንግሥት ሥራ በብዛት ተሰናበቱ። የአይሁድ ባንኮች በውጭ ምንዛሪ የመነገድ ፈቃዳቸውን አጡ። የማስመጫና የመላኪያ ፈቃድ ለአይሁድ ነጋዴ እየጠበበ ሄደ። በሕጋዊ መንገድ ከአገር መውጣትም አይቻልም ነበር። ስለዚህ በ1949 መጨረሻ ላይ ሰዉ በሌሊት መውጣት ጀመረ፦ ከባስራ በጀልባ የሻት አል አረብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ኢራን፣ ከዚያ ወደ ቴህራን። ደላላው ይከፈለዋል፤ ድንበር ጠባቂው ይከፈለዋል፤ ገንዘብም ከሰው ጋር አብሮ ይኮበልላል።

መንግሥት ሕጉን ያወጣበት ምክንያት ይህ ነው። የሚሄደው ከሄደ አይቀር ተመዝግቦ፣ ዜግነቱን ትቶ ይሂድ፤ ያኮረፈው ወጣትና ድሃው ይወጣል፣ ባለሀብቱና ባለሙያው ይቀራል ብሎ አሰበ። ግምቱ ከ10,000 ሰው አይበልጥም የሚል ነበር።

የ1950 ሕግ ቁጥር 1 ምን ይል ነበር?

በጠቅላይ ሚኒስትር ተውፊቅ አል ሱወይዲ ዘመን ማርች 1950 ላይ የወጣው ይህ ሕግ አጭር ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ኢራቅን በገዛ ፈቃዱ ለዘለቄታው መልቀቅ የሚፈልገውን አይሁዳዊ ኢራቃዊ፣ በተሾመ ባለሥልጣን ፊት ልዩ ቅጽ ከፈረመ በኋላ ዜግነቱን መግፈፍ ይችላል። በሕገወጥ መንገድ የወጣ ወይም ሊወጣ የሞከረም ዜግነቱን ያጣል። ቀደም ሲል ሾልኮ የወጣ በሁለት ወር ውስጥ ካልተመለሰ እንደዚያው ይቆጠራል። ዜግነቱን ያጣ ሰው ከአገር ይባረራል። ሕጉ የሚጸናው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው።

ስለ ንብረት አንድም ቃል የለበትም። ይህን ልብ ይሏል። የፈረመ ሁሉ ቤቱንና ሱቁን ሸጦ፣ ወይም ውክልና ሰጥቶ፣ ገንዘቡን በሆነ መንገድ እንደሚያተርፍ አስቦ ነው የፈረመው። የሚከለክለው ሕግ አልነበረማ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አመልካቹ ምኩራብ ውስጥ ይመዘገባል፤ ከቤተሰቡ ጋር ቅጹን ይሞላል፣ ይፈርማል። ስሙ ወደ ሚኒስቴሩ፣ ከዚያ ወደ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ይሄዳል። ሲጸድቅ ዜግነቱ ይሰረዛል፤ የኢራቅ ፓስፖርት ሳይሆን መመለስ እንደማይፈቀድለት የሚገልጽ የጉዞ ሰነድ ይሰጠዋል። ከዚያ የበረራ ተራ ይጠብቃል። ለአዋቂ ይዞ መውጣት የሚፈቀደው 50 ዲናር ነው፤ በጊዜው ምንዛሪ 140 የአሜሪካ ዶላር ያህል። ለልጆች ከዚያ ያንሳል። ከዚህ በላይ ጥቂት የበጋና የክረምት ልብስ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ የጋብቻ ቀለበት፣ የእጅ ሰዓት፣ ቀጭን አምባር። ሌላ ጌጣጌጥ የለም። የጉምሩክ ሠራተኞች ሻንጣውን ዘርግፈው ይበረብራሉ፤ የማይጥማቸውን ያስቀራሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተመዘገበው ጥቂት ነበር። ኅቡዕ ድርጅቱ ራሱ ከእስራኤል ማረጋገጫ እስኪመጣ ቆዩ ይል ነበር፤ የፈረመውን ሰው የሚቀበለው ማን እንደሆነ መታወቅ ነበረበትና። በኤፕሪል 8፣ የአይሁድ ፋሲካ ሰሞን፣ በአቡ ኑዋስ ጎዳና አይሁድ የሚያዘወትሩት ቡና ቤት ላይ ፈንጂ ተወረወረ። በዚያው ሰሞን ድርጅቱም ተመዝገቡ አለ። ሰልፉ ምኩራቦቹን አጨናነቀ።

ወረፋው ለምን ተቆለለ?

በረራው በሜይ 1950 ተጀመረ፤ ዘመቻው «ዕዝራና ነህምያ» ተባለ፣ ከባቢሎን ተመላሾችን በመሩት በሁለቱ ስም። ያጓጓዘው ኒር ኢስት ኤር ትራንስፖርት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ የባግዳዱ ወኪሉ ኢራቅ ቱርስ ነበር። በዚህ የጉዞ ድርጅት ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ስምምነቱን ከኩባንያው ወገን የተደራደረው ሪቻርድ አርምስትሮንግ በሚል ስም የገባው ሽሎሞ ሂሌል ነው፤ ባግዳድ የተወለደ የእስራኤል ሰው፣ ኋላም የእስራኤል ፖሊስ ሚኒስትርና የክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) አፈ ጉባኤ የሆነ። ኢራቅ ከጠላት አገር ጋር ቀጥታ በረራ አለኝ ማለት ስለማትፈልግ አውሮፕላኖቹ መጀመሪያ ቆጵሮስ ያርፉ ነበር፤ ቀጥታ ወደ እስራኤሉ የሎድ አየር ማረፊያ መብረር የተፈቀደው በ1951 ነው።

እንግዲህ ችግሩ፦ መዝጋቢው ከጫኙ ይፈጥን ነበር። እስራኤል በተመሠረተች በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ የአይሁድ ሕዝቧ እጥፍ ሆኗል። በዚያው ጊዜ ከሩማንያና ከፖላንድ የሚመጡ ነበሩ፤ የእነዚያ አገሮች በር በማንኛውም ቀን ሊዘጋ ይችላል ተብሎ ቅድሚያ ተሰጣቸው። የኢራቁ በር ክፍት ነው፣ ይጠብቁ ተባለ። ለባግዳድ የሚደርሰው ወርኃዊ ኮታ ጥቂት ሺህ ብቻ ሆነ። ማርች 1951 ሲደርስ ከተመዘገቡት 105,000 ገደማ ሰዎች ገና 35,000 ያህሉ ብቻ ነበር የወጡት።

የቀሩት 70,000 በምን ሁኔታ ላይ ነበሩ? ብዙዎቹ ዜግነታቸው ተሰርዟል፤ ዜጋ ያልሆነ ደግሞ ከሥራ ይሰናበታል። ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስወጥተዋል። ቤታቸውን ሸጠው ኪራይ ገብተዋል። ከሞሱል፣ ከኪርኩክ፣ ከኩርዶች መንደሮች የመጡት ባግዳድ ውስጥ ዘመድ ስለሌላቸው ምኩራብ ውስጥ ወለል ላይ ያድራሉ። የሸጡትም በርካሽ ነው፤ መቶ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ገዢው መከራከር አያስፈልገውም፣ ዝም ብሎ መጠበቅ ይበቃዋል። ፒያኖውም ምንጣፉም መንገድ ዳር ወጣ።

በሴፕቴምበር 1950 የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሥልጣን የያዙት ኑሪ አል ሰዒድ ይህን የዜግነት አልባ ሰው ክምችት እንደ አደጋ አዩት። እስራኤል በፍጥነት ካልወሰደቻቸው ኩዌት ድንበር ላይ አራግፋቸዋለሁ ብለው ዛቱ። በጃንዋሪ 14 ቀን 1951 ተጓዦች የሚሰባሰቡበት የማስዑዳ ሸምቶብ ምኩራብ ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሰዎች ሞቱ። በቦምቦቹ ተከሰው ሁለት የኅቡዕ ድርጅቱ አባላት በ1952 ተሰቀሉ። ያፈነዱት ጽዮናውያኑ ናቸው፣ ሰዉን ለማስፈራራት ነው የሚሉ አሉ፤ የኢራቅ ብሔርተኞች ናቸው የሚሉ አሉ፤ የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን አልተስማሙም። በእኛ ግምት ግን ክርክሩ ከሚገባው በላይ ቦታ ይዟል። በጃንዋሪ 1951 ከማኅበረሰቡ አብዛኛው አስቀድሞ ፈርሞ ነበር፤ ቦምቡ ያገኘው ሻንጣውን የሸከፈ ሕዝብ ነው።

ማርች 10 ቀን 1951

የምዝገባው ዓመት ማርች 1951 መጀመሪያ ላይ አበቃ። ወዲያው፣ በማርች 10፣ ፓርላማው በዝግ ስብሰባ ሌላ ሕግ አጸደቀ፦ የ1951 ሕግ ቁጥር 5፣ የኢራቅ ዜግነታቸውን ያጡ አይሁዳውያንን ንብረት ስለመቆጣጠርና ስለማስተዳደር። ማንም ሳይሰማ ገንዘቡን እንዳያወጣ ባንኮች ለሦስት ቀን ተዘጉ። ፖሊስ ሱቆችንና መጋዘኖችን አሸገ። ንብረቱን ሁሉ የሚይዝ ባለአደራ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ።

ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሰዉ ንብረት ባልተጠቀሰበት ሕግ ፈርሞ ዜግነቱን ሰጠ። ዓመቱን ሙሉ ጠበቀ። ፊርማውን መሳብ በማይችልበት ሰዓት «ዜግነቱን ያጣ» የሚለው ማዕረግ ንብረቱን የሚያሳግድ ሆነ። ቀደም ብሎ ሸጦ ጥሬ ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠው ጥንቁቅ ሰው እንኳ አልዳነም፤ ባንክ ያለውም ታገደ። ማርች 22 ላይ ደግሞ ሕግ ቁጥር 12 ተጨምሮ፣ ከ1948 ወዲህ በሕጋዊ ፓስፖርት ውጭ የሄዱትንም ጠቀለለ፤ በተወሰነ ጊዜ ካልተመለሱ ዜግነትም ንብረትም ያጣሉ።

በማርች 19 የእስራኤሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ሻሬት ለክኔሴት መልስ ሰጡ። እስራኤል ጥለዋት ለሄዱት ፍልስጤማውያን ንብረት ካሳ ለመክፈል የገባችው ቃል አለ፤ ከእንግዲህ በዚያ ሒሳብ ውስጥ የኢራቅ አይሁድ የተወረሰባቸው ንብረት ይታሰባል አሉ። በዚህች ንግግር የአንድ ባግዳዳዊ ነጋዴ የታሸገ ሱቅና የአንድ የጃፋ ፍልስጤማዊ የጠፋ ቤት በአንድ መዝገብ ላይ ገቡ። ከሁለቱም አንዳቸው አልተጠየቁም፤ ከሁለቱም አንዳቸው በዚህ ስሌት ገንዘብ አልደረሳቸውም። በ1948 ከቤታቸው የወጡት ፍልስጤማውያን ወደ 700,000 ይጠጋሉ፤ እነሱ የነሱ ታሪክ አላቸው፣ የባግዳዱ ሹም ፊርማ ስላስፈረመም አይቀንስም።

ከዚያ በኋላ በረራው ፈጠነ። በአሥር ወር ገደማ 35,000 ብቻ የወሰደው መንገድ፣ ከማርች እስከ በጋው ባሉት ጥቂት ወራት ቀሪዎቹን 70,000 አወጣ። በኢራን በኩል የወጡት ሲጨመሩ ቁጥሩ ወደ 120,000 ይደርሳል። ባግዳድ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ሺዎች ናቸው። በጃንዋሪ 1969 በባግዳድ የነጻነት አደባባይ በስለላ ተከስሰው ከተሰቀሉት መካከል ዘጠኙ ከእነዚያው የቀሩት ወገኖች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ የተረፉትም በኩርዶች ተራራ በኩል ወጡ።

ሎድ ላይ

አውሮፕላኑ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚቀርበው የዲዲቲ ዱቄት ነው። የተባይ መከላከያ ተብሎ ለመጤው በአንገትጌውና በጸጉሩ ይረጭበት ነበር። ለሐኪሞቹ የተለመደ አሠራር ነው። ለበዓል የሚለብሰውን ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ለመጣ የባግዳድ ሰው ግን የመጀመሪያው አቀባበል ያ ነጭ ዱቄት ሆነ፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ዛሬም የሚያነሱት ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ ማዕባራ። ከ1950 ጀምሮ የተቋቋሙ የመሸጋገሪያ ሰፈሮች ናቸው፤ በ1951 መጨረሻ ከ200,000 በላይ ሰው ይኖርባቸው ነበር፣ ከኢራቅ የመጡት ትልቁን ድርሻ ይዘው። ድንኳን፣ የሸራ ጎጆ፣ የቆርቆሮ ጎጆ። የጋራ ቧንቧ፣ የጋራ መጸዳጃ። ቆርቆሮው በጋ ላይ ምጣድ ነው፤ በ1951–52 ክረምት ደግሞ ጎርፉ ድንኳኑን ይዞት ሄደ። ምግብ በራሽን ነበር። የባንክ ሒሳብ ሠራተኛ የነበረው ሰው ችግኝ ሊተክል፣ ጥርጊያ መንገድ ሊጠርግ በቀን ሥራ ተሰለፈ። ሴቶቹ ከሁሉ በላይ ተጎዱ ብንል አላጋነንንም፤ በቆሻሻ ውኃና በአንድ የጋዝ ምድጃ ስምንት ነፍስ የሚያስተዳድሩት እነሱ ነበሩና። ከቴል አቪቭ ወጣ ብሎ የነበረው የሳቂያ ማዕባራ ዛሬ ኦር ይሁዳ የሚባለው ከተማ አካል ሆኗል፤ የባቢሎን አይሁድ ቅርስ ማዕከልም እዚያው ነው።

ቴል አቪቭ አጠገብ ባለችው በራማት ጋን ከተማ ጎዳና ላይ የሚሸጠው ሳቢኽ ከዚህ ሕዝብ የቀረ ነው። የተጠበሰ ደበርጃንና የተቀቀለ እንቁላል በቂጣ ውስጥ፣ የኢራቅ አይሁድ የሰንበት ጠዋት ምግብ ነበር። ላዩ ላይ የሚፈሰው ቢጫ ማንጎ ማባያ «አምባ» ይባላል። ከእኛ አምባ ጋር ዝምድና የለውም፤ በሕንድ በማራቲ ቋንቋ ማንጎ ማለት ነው፣ ከቦምቤይ ጋር ይነግዱ ከነበሩት ባግዳዳውያን ጋር የመጣ ስም።

በእስራኤል ላሉ ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤል ይህ ታሪክ የሩቅ ሰው ታሪክ አይደለም። ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ወገን የሆኑ አይሁድ ናቸው ብለው በ1973 ብይን የሰጡት ዋና ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ባግዳድ ተወልደው በሕፃንነታቸው ኢየሩሳሌም የገቡ ሰው ናቸው። በ1950 ማዕባራው ላይ የተፈጸሙት ስሕተቶችም (ሰውን ከከተማ ርቆ ማስፈር፣ ሙያውን አለመቁጠር፣ ልጁን ከወላጁ ቋንቋ ማራቅ) በ1984 እና በ1991 ለመጡት አዲስ አልነበሩም።

ሌሎቹ አገሮች በሌላ መንገድ

ከ1948 እስከ 1970ዎቹ ድረስ ከአረብ አገሮች የወጡት አይሁድ ከ800,000 በላይ ናቸው ይባላል። ሁሉንም በአንድ ምክንያት ማሰር ግን ስሕተት ነው።

ከየመን በ1949 እና በ1950 ወደ 50,000 ሰው ወጣ። የዜግነት ቅጽ የለም፤ ኢማም አሕመድ ይሂዱ አሉ፣ ሰዉም ቤቱን ሸጦ ልጁን አዝሎ በእግሩ ወደ ኤደን ወረደ፣ በእንግሊዝ ግዛት ሐሼድ በሚባል የበረሃ ካምፕ ተጠለለ። መንገድ ላይ የየአካባቢው ሹም ቀረጥ ይጥልበታል፤ ካምፑ ከአቅሙ በላይ ሞላ፣ ወባና ረሃብም ብዙ ሰው ገደለ። አውሮፕላኖቹ መነሻቸውን አሥመራ አድርገው ነበር፦ ንጋት ላይ ከአሥመራ ተነስተው ኤደን ሰው ይጭናሉ፣ ቀይ ባሕርን ይዘው ወደ ሰሜን ይበርራሉ። ይህ ዘመቻ ከቀይ ባሕር ወዲህ ባለው በእኛው ሰማይ ሥር ማለፉን ብዙ ሰው አያውቅም።

ግብፅ ውስጥ መዓቱ የመጣው በስዊዝ ጦርነት፣ በኖቬምበር 1956 ነው። ብዙ አይሁድ ትውልዳቸው ግብፅ ሆኖ የግብፅ ዜግነት ወረቀት ጭራሹን አግኝተው አያውቁም፤ ስለዚህ መግፈፍ እንኳ አላስፈለገም፣ የውጭ ሰው ናችሁ ውጡ ማለት በቃ። በወራት ውስጥ ከ20,000 በላይ ሄዱ። ከሞሮኮ መውጣቱ ረጅሙ ነው። በ1948 ሩብ ሚሊዮን ያህል አይሁድ ነበሩባት፤ ከነጻነት በኋላ መውጣት ተከለከለ፣ በጃንዋሪ 1961 ኤጎዝ የተባለች ትንሽ መርከብ በድብቅ ሰው ጭና ስትሻገር ሰጥማ ከ40 በላይ ተሳፋሪ አለቀ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ለእያንዳንዱ ሰው በሚከፈል ገንዘብ መውጣቱን ፈቀዱ፤ ሰዉም በጋራ ፓስፖርት፣ በይፋ ወደ ሌላ አገር እየተባለ ወጣ። የአልጄሪያዎቹ በ1870 አዋጅ የፈረንሳይ ዜጎች ስለነበሩ በ1962 ከመቶ ሺህ በላይ የሆኑት በዜግነታቸው ወደ ፈረንሳይ ገቡ። ወረቀት ያለው ሰውና ወረቀት የሌለው ሰው ልዩነቱ እዚህ ላይ ይታያል።

ስደተኞች ናቸው ወይስ ተመላሾች? ቃሉ ራሱ ያጣላል። ከመጡት ብዙዎች፣ በተለይ በኅቡዕ ድርጅቱ ያለፉት፣ ስደተኛ መባልን አልወደዱም፤ ወደ አገራችን ገባን ይላሉ። ሌሎች ደግሞ አገራችን ባግዳድ ነበረች፣ ተነጠቅን ይላሉ። የእስራኤል መንግሥት በ1950ዎቹ «ተመላሽ» የሚለውን ስም መረጠ፤ በ2010 የካሳ መብታቸውን የሚጠብቅ ሕግ፣ በ2014 ደግሞ ኖቬምበር 30ን የመታሰቢያ ቀን የሚያደርግ ሕግ ሲወጣ «ስደተኛ» የሚለው ስም ተመለሰ። አንድ ቤተሰብ ውስጥ አባትየው አንዱን፣ እናትየዋ ሌላውን ቢሉ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

በሜይ 2003 ባግዳድ ውስጥ የስለላ መሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት በውኃ ተጥለቅልቆ ሳለ የአሜሪካ ወታደሮች ውስጡ የማኅበረሰቡን መዛግብት አገኙ፦ 2,700 መጻሕፍትና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰነድ፤ የጸሎት መጽሐፍ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የተማሪ ፎቶግራፍ። ሻጋታው እንዳይበላው በማቀዝቀዣ መኪና አቀዝቅዘውት ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ለማን ይመለስ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

በ2005 የወጣው የኢራቅ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ዜግነቱ የተገፈፈ ሰው ሁሉ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ዝርዝሩን ያወጣው የ2006 የዜግነት ሕግ ቁጥር 26 ግን ከዚህ መብት የማይጠቀሙትን በቁጥር ለይቶ ያስቀምጣል፦ በ1950 ሕግ ቁጥር 1 እና በ1951 ሕግ ቁጥር 12 ዜግነታቸውን ያጡ።